ሽማግሌ የተላከበት ጭረት

ከሥራ ወጥቼ የሠራተኞች ፓርኪንግ ስደርስ መኪናዬን ሰው ያረሳት መሰለኝ። በተሳፋሪው በኩል፣ ከፊት መብራቷ እስከ ኋላዋ ድረስ፣ ሦስት መስመሮች እኩል ተራርቀው ተሰምረውባታል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ገና ጨለማ ስለነበር አላየኋቸውም። ከምንኖርበት ከታከር እስከ አትላንታ አየር ማረፊያ እንደታረሰች ይዛኝ ሄዳ፣ እኔ ውስጥ ሳንድዊች ስጠቀልል ስውል እሷ ውጭ ቆማ ጠብቃኛለች።

ንዴቱ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ነው፤ በምን ይሆን የጫሯት? እናቴ "አንቺ ቤት ሲቃጠል እሳቱ ከየት ተነሣ ትያለሽ እንጂ ውሃ አታቀብዪም" ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ጎንበስ ብዬ ጣቴን በአንደኛው መስመር ውስጥ ባሳልፈው ቀይ አፈር ይዞ ወጣ። ሌላውንም ሞከርኩ፤ እሱም አፈር አለበት። ቁልፍ ቢሆን አፈር አይኖረውም፤ ቢላም እንደዚያው። አፈር የሚይዘው የሚቆፈርበት ነገር ነው። ሦስት ጥርስ ያለው መኮትኮቻ ደግሞ እኛ መንገድ ላይ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው ያየሁት።

ያየሁት በመስኮቴ ነው። ስለዚህ መስኮት ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። አሥራ አንድ ዓመት የኖርንበት አፓርታማ የወጥ ቤቱ መስኮት የሚያየው የጡብ ግድግዳ ብቻ ነበር። እንደኔ ሁሉን ማወቅ ለሚወድ ሰው ይህ እስር ቤት ነው። ታከር የገዛነው ቤት ግን መስኮቱ መንገዱን ሁሉ ያሳያል፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ማን ውሻውን እንዳወጣ፣ ማን ሣሩን ሳያጭድ እንደከረመ አውቃለሁ። ከገባን ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነን ነው። ከማዶ ያለችው ፈረንጅ ጎረቤታችን ከሰባ በላይ ትሆናለች፤ ዘወትር ማታ ማታ ባርኔጣዋን አድርጋ ቲማቲሟን ስትኮተኩት አያታለሁ። እጄን አውለበልብላታለሁ፤ እሷም ታውለበልብልኛለች። በቃ፣ ትውውቃችን ይህ ነበር።

ቤት ገብቼ ጭረቱን ለባሌ አሳየሁት። ባሌ ሲናደድ እንግሊዝኛው ይበዛል።

"ስለማይፈልጉን ነው" አለኝ። "ፖሊስ ሪፖርት ፋይል እናድርግ፣ ኢንሹራንሱን ክሌም እናድርግ፣ ከዚህ ሰፈር ሙቭ እናድርግ። ነገ ቤቱን ላገዛችን ኤጀንት እደውላለሁ።"

"ቤቱን ልትሸጠው? በሦስት መስመር?"

"ዛሬ መኪናውን ነው። ነገ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። ችግሩ ይኸው ነበር። በማግስቱ ደውሎ ኤጀንቷን ቀጠራት፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ቤቱን ልታይ። ከዚያ መስኮት እንዳልነሣ ማወቅ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ ሴትየዋ ለምን እንዳደረገችው።

ፖሊሱ መጥቶ ፎቶ አነሣ፤ የምንሞላውም ወረቀት ሰጠን። ዛሬ ቢሆን የየቤቱ የበር ደወል ካሜራ አለውና ጣጣ የለውም፤ ያኔ፣ ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ገደማ፣ የመንገዱ ካሜራ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ "የሚጠረጥሩት ሰው" የሚል ባዶ መስመር አለ። ባሌ እስክሪብቶ አቀበለኝ። አልጻፍኩም። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ አቆየሁት።

የኢንሹራንሱ ሰው ደግሞ በስልክ ሌላ ጉድ ነገረን። መኪናዬ የዘጠና ስምንት ሞዴል ስለሆነች ቀለሟን ማሠሪያው ከራሷ ዋጋ ይበልጣል፤ ክሌም ካደረግን፣ ማለትም ካሳ ከጠየቅን፣ "ቶታል"፣ ከጥቅም ውጭ ናት ብለው ይወስዷታል። ሞተሯ ደህና፣ ጎማዋ ደህና፣ ፍሬኗ ደህና፤ ቆዳዋ ስለተጫረ ሞተች ይሉኛል። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ተበስቶ ስትነሣ እንደ ወፍጮ መጮኋ እውነት ነው፤ እሱን ዛሬ ነገ አሠራዋለሁ እያልኩ ከርሜያለሁ፣ ደግሞም ለምጄው አይሰማኝም። ስለ ማርሚታው ግን ሰውየው አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

ሽማግሌ የመላኩ ሐሳብ የኔ ነው። አገራችን ብንሆን ሰው ከጎረቤቱ ሲጣላ ሌላ ምን ያደርጋል? ባሌ ሳቀብኝ። "ለፈረንጅ? ልትድሪላት ነው?" አለኝ። እኔ ግን በልቤ ያሰብኩት ግልጽ ነበር፤ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ሄደው ጥፋቷን ያሳምኗታል፣ እሷም ምክንያቷን ትናገራለች፣ ተክሳና ይቅርታ ጠይቃ ነገሩ ያልቃል።

አንደኛው ሽማግሌ በአገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ሐጂ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው አትላንታን እንደ መዳፋቸው ያውቋታል። ሁለቱ እኛ ዘንድ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ነገሩን ስነግራቸው ሐጂ ፈገግ አሉ፤ ጋሼ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"የምንፈርደውን ትቀበያለሽ?"

"እንዴታ ጋሼ!" አልኳቸው። እኔ የተበደልኩ፣ ምን አስፈራኝ?

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ጋሼ በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ነጠላቸውን ደርበዋል፤ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል። መንገዱን ሲሻገሩ እኔ መስኮቴ ላይ ነኝ፤ ባሌም ግድ የሌለው መስሎ ከኋላዬ ቆሟል። ሴትየዋ በሩን ከፈት አድርጋ እጇን አወዛወዘች፤ ሃይማኖት ሊሰብኩ የመጡ መስለዋታል። በሩን ልትዘጋው ስትል ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። እንደዚያ ዝቅ ብሎ እጅ የነሣት ሰው ኖሮም አያውቅ ይሆናል፤ እጇ በበሩ ላይ ቀረ። ሐጂ ወደኛ ቤት እያመለከቱ የሆነ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ገቡ።

አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ሽንኩርቱ አረረብኝ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጡ፤ ሴትየዋ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘቻቸው። ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ።

ጋሼ ገብተው ውሃ ጠየቁ። ጠጥተው ሲጨርሱ "ባሏን አይተሽው ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

ባል እንዳላት አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ መስኮት፣ ያ ሁሉ ሰው መከታተል!

"ሳሎን ውስጥ የሆስፒታል አልጋ ተዘርግቶለት ተኝቷል" አሉ ሐጂ። "ሐኪሞቹ ጨርሰው ቤቱ ልከውታል። እንግዲህ በሽተኛ ፊት ቁጭ ብሎ ስለ ቀለም ይወራል? አሏህ ያሽርህ ብለን፣ ስለ ሕመሙ ጠይቀን፣ እንዲያውም ልንወጣ ነበር። ራሷ ናት ያነሣችው።"

ጋሼ ቀጠሉ። ሰውየው ሌሊቱን ሲቃትት ያድራል፤ ሸለብ የሚያደርገው ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት የኔ መኪና ትነሣለች። ሁለት ጊዜ በር ላይ ወረቀት ሰክታልናለች፤ የሰካችው ግን እኛ በማንከፍተው በፊት ለፊቱ በር ነው፤ ነፋስ ወስዶት ይሆናል፣ አላየነውም። አንድ ቀን ማታ፣ በጣም ክፉ ሌሊት ካደሩ በኋላ፣ መኮትኮቻዋን እንደያዘች መንገዱን ተሻገረች። ከዚያ በኋላ በገዛ እጇ አፍራ ቲማቲሙን እንኳ አልነካችውም።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉ ጋሼ። "ሥሩ ማርሚታው ነው። እሷ ይቅርታ ትጠይቅሻለች፤ አንቺ ደግሞ ከሁሉ በፊት ማርሚታውን ታሠሪያለሽ፣ በሽተኛውንም ሄደሽ ትጠይቂያለሽ። የፖሊሱንም ወረቀት ቅደጂው።"

ንዴቴ ያኔ ነው የመጣው፤ ሳምንት ሙሉ የቀረው ሁሉ ተሰብስቦ መጣ። "እኔ ነኝ እኮ የተበደልኩት! እኔ ነኝ የላክኋችሁ!"

"አዎ፣ ሽማግሌ ላክሽ" አሉኝ ሳይቆጡ። "ጠበቃ ፈልገሽ ከነበረ እሱ ሌላ ነው ልጄ።"

ባሌ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ውስጡን ማየት ጀመረ። እየሳቀ እንደሆነ ከትከሻው አውቄበታለሁ።

የሽማግሌ ቃል ተቀብሎ መሻር ነውር ነውና ሰኞ ዕለት ማርሚታውን አሠራሁ። እዚያው ታከር ያለ የአገራችን ልጅ መካኒክ አሮጌውን አውልቆ አዲስ ገጠመልኝ። ጭረቱን ተውኩት፤ ክሌምም አላደረግኩም። አዲሱን ድምፅዋን መልመድ ግን ከበደኝ፤ ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሳለች አልተነሣችም ብዬ ቁልፉን ደግሜ አዙሬባታለሁ።

በዚያው ሳምንት ብርቱካን ይዤ ተሻገርኩ። ሴትየዋ በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ልትከፍለኝም ፈለገች፤ ይቅርታውን ተቀበልኩ፣ ገንዘቡን እምቢ አልኩ። ባሏ መስኮቱ ሥር ተኝቷል፤ ረጅም ሰውዬ ነው፣ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ሊወጣ ደርሷል። ዓይኑ ግን ንቁ ነበር።

"የመኪናዋ ባለቤት አንቺ ነሽ?" አለኝ።

አፈርኩ። ቶሎ ብዬ "አሠርቻታለሁ፤ ከእንግዲህ አትረብሽህም" አልኩት።

"ኦ" አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ደክሞት ነው ብዬ ተነሣሁ፤ በልቤም እንኳን ገላገልኩት እያልኩ ወጣሁ።

ኤጀንቷ በቀጠሮዋ መጣች። ባሌ ቤቱን አዙሮ አሳያትና "ገና እናስብበት" ብሎ መለሳት። ለምን እንደዚያ እንዳለ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው ሐሳቡን የሚቀይር መሰለኝ።

ሰውየው ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አረፈ። ከቀብሩ መልስ እኛ እንደምናውቀው ለቅሶ ልንቀመጥ ሄድን፤ ጋሼና ሐጂም መጡ። ሴትየዋ ይህን ሁሉ ሰው የምታስቀምጥበት አልነበራትም። ባሌ ወደ ቤት ተመልሶ ያለንን ወንበር ሁሉ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ስድስትና የበረንዳውን ሁለት፣ በሦስት ዙር ተሸክሞ መንገዱን አሻገረ። እዚያው መሐል መንገድ ላይ ሳየው ቤቱ እንደማይሸጥ ገባኝ፤ በዚያ ለቅሶ ቤት ደስታዬን ለመደበቅ ተቸገርኩ።

ሰው ሳሳ ሲል ሴትየዋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አለችኝ። "ማርሚታውን ካሠራሽ በኋላ ጠዋት ጠዋት 'ዛሬ አልሄደችም?' እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። ሄዳለች ስለው አያምነኝም፤ አልሰማኋትማ ይለኛል። መኪናሽ ስትነሣ ለካስ ነጋ ብሎ ነበር የሚተኛው። እኔ የምትቀሰቅሰው መስሎኝ ነበር እኮ።"

ሁለታችንም መስኮቱን አየን። የኔ መኪና ከማዶ ቆማለች፤ ሦስቱ ጭረቶች ከእሱ አልጋ በደንብ ይታያሉ። አፈሩን በጣቴ መርምሬያለሁ፣ ለፖሊስ አመልክቻለሁ፣ ሽማግሌ ልኬያለሁ። እሱ ራሱ አፍ አውጥቶ ሲጠይቀኝ ግን "ለምን ጠየቅከኝ?" ማለት አልመጣልኝም።

በማግስቱ ከመውጣቴ በፊት መኪናዬን አስነሥቼ ነዳጁን ረገጥኩት። ደግሜ እስከ ወለሉ ረገጥኩት። አዲሱ ማርሚታ ዋጠው፤ ከማዶ ማንም መስማቱን እንጃ። ከሥራ ስወጣ መካኒኩ ጋ ደወልኩና አሮጌው ማርሚታ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"ምነው እህቴ፣ አዲሱ ችግር አመጣ እንዴ?"

"የለም፣ ጥሩ ነው።"

"ታዲያ ያንን ቆርቆሮ ለምን ፈለግሽው?"

ስልኩን እንደያዝኩ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።