አያ ስንሻው ከጦር ሜዳው ያነሡት ጥቁር ድንጋይ

ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ መንገዱም ሰላም ነበር። ባሕር ዳር የልብስ ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ሳለ አጎቴ አያ ስንሻው ከወረታ ደወሉልኝ። አያ ስንሻው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ስልክ ሲይዙ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል ይጮኻሉ።

«ስመኝ! ቅዳሜ ነይ!»

«ምነው አያ፣ ደኅና?»

«ደኅና ነኝ። እሑድ በላይ ጦር ሜዳ ሊያስጎበኘኝ ነው። ከጎኔ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ።»

በላይ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ያለው ሰው ነው። ልጁ፣ አያ ስንሻው ያሳደጓትን የልጅ ልጃቸውን እናኑን ጠይቋል። ሽማግሌ ሄዶ መጥቶ፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ሲወጣ ከመንገዱ በስተቀኝ ያለው ተራራ ላይ አርበኞች ከጣሊያን ጋር የተዋጉበት ቦታ አለ። የአካባቢው ወጣቶች እንግዳ በእግር እየመሩ ማስጎብኘት ጀምረው ነበር። የበላይ አያት እዚያ ተዋግተዋል፤ እና በላይ ይህን ለወደፊት አማቹ ማሳየት ፈለገ።

ችግሩ የእኛም አያት፣ የአያ ስንሻው አባት፣ እዚያው ተራራ ላይ የነበሩ መሆናቸው ነው። ግን ተኳሽ አልነበሩም፤ ቀጥቃጭ ነበሩ። እናቴ ሳትሞት ነው የነገረችኝ፣ ለሰው እንዳላወራ አስምላ። በጦርነቱ ጊዜ «ባለእጁ ይምጣ!» እየተባለ ይፈለጉ ነበር። ጠላት ሲወጣ ግን ጠመንጃ ያስጠገኑት ሰዎች ራሳቸው ከሳቸው ጋር እንጀራ መቁረስ ተጸየፉ፤ «ቡዳ ነው» አሉ። አያቴ መዶሻቸውን ጥለው ሰው ወደማያውቃቸው ወደ ፎገራ ሜዳ ወረዱና አራሽ ሆኑ። አያ ስንሻውም ዘር ሲቆጠር «አባቴ አራሽ ነበር» ብለው አልፈዋል። ነገሩ ቢወጣ የእናኑ ጋብቻ ሊፈርስ ይችላል።

«አፌ እንዳያመልጠኝ ጠብቂኝ» አሉኝ። እኔን! ጎረቤቶቼ ይህን ቢሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከታናሽ ወንድሜ ደብተር ነው፤ ወሬ ግን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የቻልሁበት።

ቅዳሜ፣ ከባሕር ዳር ወረታ

በጠዋት መናኸሪያ ገባሁ። ሚኒባሱ ስልሳ ብር አስከፈለን፤ ረዳቱ አራት ሰው በሦስት ወንበር አጠጋግቶ አስቀመጠ፤ እኔም ከአንዲት የሽንኩርት ነጋዴና ከጆንያዋ ጋር ተጣበቅሁ። ሐሙሲትን አልፈን የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ሜዳው ተከፈተ። ክረምት ላይ ባሕር የሚመስለው ፎገራ በኅዳር ወርቅማ ነው። ሩዙ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ቀንዳቸው አጭር፣ ገላቸው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆኑ ላሞች ቃርሚያውን ይለቃቅማሉ።

«ያንቺ አገር ነው?» አለችኝ ነጋዴዋ።

«እናቴ የተወለደችበት ነው።»

«እንግዲያ ውኃው ውስጥ ነው የተወለደችው በይኛ!» ብላ ጆንያዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች።

ወረታ ስደርስ እናኑ አስፋልቱ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ቦርሳዬን ነጥቃኝ እየሄደች «እታ ስመኝ፣ ቀሚሴን አንቺ ነሽ የምትሰፊው፤ ሌላ ሰው አላስነካም» አለችኝ። ማታ የሩዝና የጤፍ እንጀራ ከጣና ዓሣ ጋር በላን። አያ ስንሻው ግን ቁራሽ ይዘው ቆዩ። እናኑ ሳሕን ልታጥብ ስትወጣ «አታውቅም» አሉኝ በዓይናቸው በሩን እያሳዩ። «ባታውቅ ይሻላል ብዬ ነው።»

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

በላይ ፒካፕ መኪናውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወሰደን። አምሳ ያልሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ መላ ሰውነቱ የሚስቅ ሰው ነው።

«እታለም ስመኝ! ባሕር ዳር አደለበሽ እኮ!»

«አንተን ደግሞ ሩዙ» አልሁት።

«አያ ስንሻው፣ ይቺን ሴት ከወዴት አመጧት? የሠርጉ ቀን ከሙሽራዋ ወገን ሆና ብትሰድበን ማን ይመልስላታል?»

የርብን ድልድይ ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን ከተራራው ሥር ወረድን። አስጎብኛችን ትርንጎ እዚያ ትጠብቀን ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሸራ ጫማ አድርጋለች፣ በአንድ እጇ ዘንግ፣ በሌላው ደብተር ይዛለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስታጣ የሰፈሯን ሽማግሌዎች እየዞረች ጠይቃ ይህን የእግር ጉዞ የጀመረችው እሷ ናት። ለአንድ ሰው መቶ ብር ነው። በላይ የሦስታችንንም ከፈለ፤ እኔ ቦርሳዬን ስከፍት «ኧረ እጅሽን መልሺ!» ብሎ ተቆጣ።

ሽቅብ

መንገዱ የፍየል መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ቆንጥር። ትርንጎ ከፊት እየሄደች በየመታጠፊያው ትቆማለች። ድንጋይ ተደርድሮ ጉልበት ድረስ የደረሰ ካብ አሳየችን። «ምሽጉ ይህ ነው፤ ለአርበኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ሲያቀብሉ ያደሩት ሴቶች ናቸው ይላሉ» አለች። ዞር ብለን ስናይ ሜዳው በሙሉ ከእግራችን ሥር ተዘርግቷል፤ ርብ እየተጠማዘዘ ወደ ጣና ይሄዳል፤ ጣና ራሱ በሰማዩ ጫፍ እንደ ቆርቆሮ ያንጸባርቃል። ከዚህ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይታየዋል። ለምን እዚህ እንደመሸጉ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

ከካቡ ጫፍ ስንደርስ በላይ ኮፍያውን አወለቀ። «አያቴ የቆሰሉት እዚህ ነው። በቆሰለ እጃቸው እየተኮሱ አንድ ቀን ሙሉ ይህን አፋፍ ይዘዋል።»

«የጀግና ዘር ነሃ» አሉ አያ ስንሻው።

«እናኑም የጀግና ቤት ነው የምትገባው፣ አያ።»

አያ ስንሻው መሬት መሬት አዩ። እኔ ዝም ካልሁ ዝምታቸው ይጋለጣል ብዬ ስለ ጫማዬ፣ ስለ ጸሐዩ፣ ባሕር ዳር ስላለች አንዲት ደንበኛዬ ወሬ ጀመርሁ። ትርንጎ እስክጨርስ በትዕግሥት ቆመች። አምላክ ይስጣት፣ ረጅም ነበር።

ጥቁሮቹ ድንጋዮች

ከአፋፉ ጀርባ ነፋስ የማይደርስበት ትንሽ ገመገም አለ። መሬቱ ላይ የቡጢ ያህል፣ አንዳንዱም የሳሕን ያህል የሆነ ጥቁር ነገር ተበትኗል። ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ሲያነሡት ግን ይከብዳል፤ ላዩ የፈላ ወጥ የደረቀ ይመስል አረፋ አረፋ ነው።

«ይህ የጠላት የጥይት መጋዘን ነበር» አለች ትርንጎ። «አርበኞቹ በእሳት ሲያጋዩት ብረቱ ቀልጦ እንዲህ ቀረ። እንግዶች እዚህ ላይ ነው ፎቶ የሚነሡት።»

በላይ አንዱን ብድግ አድርጎ «አያችሁ ጣሊያንን! እንደ ቅቤ አቀለጥነው!» አለና ፎቶ እንዳነሣው ስልኩን ሰጠኝ። ስልኩን ወደ ፊቱ እንዳነጣጠርሁ አያ ስንሻው ከጎኔ እንደሌሉ አየሁ። ቁጢጥ ብለዋል። ከጥቁሮቹ አንዱን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ሥሩን ይዳብሳሉ።

«አያ፣ ጸሐይ ነው፣ እንሂድ» አልኋቸው። ጠባቂ ነኝ እኮ።

አልሰሙኝም። ድንጋዩን ገልብጠው ለትርንጎ ዘረጉላት። «ልጄ፣ ሥሩን እይው። እንደ ጣባ ጎድጓዳ ነው አይደል? ቤት ሲቃጠል የቀለጠ ብረት እንደሄደበት ይረጋል። ይህ ግን ጉድጓድ ውስጥ የረጋ ነው። በየቀኑ፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ።»

«ምን ጉድጓድ አባ?»

አያ ስንሻው በእጃቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። ቀይ የሸክላ ስባሪ አወጡ፤ ክብ ነው፣ መሐሉ ቀዳዳ፣ አንዱ ጫፉ በእሳት ጠቁሮ መስታወት መስሏል። እጃቸው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። ስልኩን አወረድሁ። ክንዳቸውን ልይዝ ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

«የወናፍ ጫፍ ነው» አሉ። «ነፋሱ በዚህ ነው ወደ ፍሙ የሚገባ። ይህን ከሸክላ የምትሠራው የቀጥቃጩ ሚስት ናት፤ እሳቱ ስለሚበላው በየሳምንቱ ሌላ ይሠራል። እዚህ መጋዘን አልነበረም ልጄ። እዚህ ሰው ተቀምጦ የአርበኞቹን ጠመንጃ ይጠግን ነበር። የተሰበረ ቃታ፣ የላላ ምላጭ።»

በላይ ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነበር። «አያ ስንሻው፣ እርስዎ ይህን ከወዴት አወቁት?»

አያ ስንሻው አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ቀጥቃጩ አባቴ ነበር። የወናፉን ጫፍ የሠራችው እናቴ። ዘር ሲቆጠር አራሽ ነው ያልኋችሁ እኔ ነኝ፤ ዋሸኋችሁ።»

በላይ የያዘውን ጥቁር ነገር አየው። ጣለው ማለት አልችልም፤ ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። አቧራ ስለነበረበት ይሆናል። እኔ ግን አየሁት፤ አያ ስንሻውም አዩት።

«የአያቴንም ጠመንጃ?» አለ በላይ።

«እሱን አላውቅም። አባቴ የሁሉንም ስም አልነገረኝም። ልዋሽህ አልፈልግም፣ እስከ ዛሬ የዋሸሁት ይበቃኛል።»

ትርንጎ ደብተሯን ገልጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከተነሣንበት ጀምሮ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። «አባ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ነው ያወራሁት። እባክዎ ስማቸውን ይንገሩኝ፤ የእናትዎንም።»

አያ ስንሻው ሁለቱንም ስም ነገሯት። ፊደሉን እየጠቆሙ አስጻፏት።

ቁልቁል

ስንወርድ ማንም አልቀለደም። በላይ ወረታ ላይ ምሳ ሊጋብዘን ቦታ ሁሉ አስይዞ ነበር፤ ከቤታችን በር ስንደርስ ግን ሞተሩን ሳያጠፋ «ወፍጮው ጋ ሥራ አለብኝ» አለ። እሑድ ወፍጮ እንደማይሠራ አራታችንም እናውቃለን፤ አራተኛዋ እናኑ ናት፣ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

አያ ስንሻው ያኔውኑ አስቀምጠው ነገሯት። እናኑ ሰምታ ስትጨርስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ታዲያ እኔ ዛሬ ከትናንቱ ምኔ ጎደለ?» የሚል ነበር። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት፤ ስትወጣ ግን ምሳ ይዛ ነው የወጣችው። አያ ስንሻው በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግበው በሉ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። ከዚያ ጉዞ ያተረፍሁት ልማድ አለ፤ የጦርነት ወሬ ስሰማ የተኮሰውን ስም ካወቅሁ በኋላ ጠመንጃውን ማን እንደጠገነው፣ ስንቁን ማን እንደሰነቀ እጠይቃለሁ። መልስ የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። መጠየቄን ግን አልተውሁም። ትርንጎም እዚያ ገመገም ላይ አሁን የምታወራው ስለ ወናፉ ነው፤ ሄጄ ሰምቻታለሁ፤ የአያቶቼን ስም አሳምራ ትጠራለች።

በላይ እስከ ገና ድረስ ድምፁ አልተሰማም። አያ ስንሻው አልጠበቁትም። ጥር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጋብቻውን የያዙትን አምስቱን ሽማግሌዎች ራሳቸው ጠሩ፤ በላይንም አስጠሩ። መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አያ ስንሻው ቆመው ዘራቸውን ከአባታቸው ጀምረው እንደገና ቆጠሩ፤ በአባታቸው ስም ላይ «ቀጥቃጭ»፣ በእናታቸው ስም ላይ «ሸክላ ሠሪ» ብለው ጨመሩ። ከዚያ ማዕድ ቀረበ። አንደኛው ሽማግሌ ከብት አለማስገባቱ ትዝ አለውና ተነሥቶ ወጣ። አያ ስንሻው ሸኙት። ተመልሰው የማስታጠቢያውን ውኃ ራሳቸው ያዙና ለአራቱ ሽማግሌዎች በየተራ እጅ አስታጠቡ፤ በላይ ፊት ሲደርሱም ቆሙ። በላይ የእጅጌውን ቁልፍ ፈታ፣ እስከ ክርኑ ሰበሰበና ሁለት እጁን ዘረጋ። አያ ስንሻው ውኃውን ቀስ አድርገው አፈሰሱለት።