የዶን ፋኩንዶ ሁለት ጭረት

ፔትሮኒላ ቼሮ በሳን ሃሲንቶ ከተማ ገበያ ዶሮ ትሸጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ብዙ አታወራም፤ የምርጫ ሰሞን ግን ቢላዋ ይዞ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ሁሉም ሆዱን ስለሚከፍት፣ ከተማው ያሰበውን ሁሉ ከእሷ መደብ ፊት ቆሞ ይናገር ነበር።

ቤቷ ከአንድ ደረቅ ሸለቆ አፍ ላይ ነው። ሸለቆው ዓመቱን ሙሉ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ክፉ ዝናብ በመጣ ዓመት ግን ከተራራው ጭቃና ቋጥኝ ይዞ ይወርዳል። ከአምስት ዓመት በፊት ሲወርድ የሰፈሩን ግማሽ ወሰደ፤ የፔትሮኒላንም እናት። አስከሬናቸው አልተገኘም። አባቷ ዶን ፋኩንዶ የተረፈውን ጡብ ለቅመው እዚያው ቦታ ላይ ቤቱን መልሰው ሠሩ። እንሂድ ብትላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ እናትሽ እዚህ አፈር ውስጥ ናት፣ ትቻት የትም አልሄድም።

ለከንቲባነት የቀረቡት ብዙ ነበሩ፤ የሚፎካከሩት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢንጂነር ዊልደር ነው፣ የምርጫ ምልክቱ መሰላል። ሁለት ጊዜ ከንቲባ ሆኖ ሁለቱንም ጊዜ በሸለቆው አፍ የመሠረት ድንጋይ አኑሯል። የመከላከያ ግንብ ይሠራል ተባለ፤ ሙዚቃ ተመታ፣ ፎቶ ተነሡ። ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ ሌላ ድንጋይ የጨመረ ግን የለም። ዘንድሮ ሦስተኛውን ሊያኖር ነው የመጣው፣ ሰዉም እያጨበጨበለት ነው። ሌላዋ መምህርት ኔሊዳ ናት፣ ምልክቷ ደወል። እሷ ደግሞ ያንን ሸለቆ የሚያቆም ግንብ የለም፣ ከመረጣችሁኝ ዝናቡ ሳይደርስ ከላይኛው ሜዳ ላይ መሬት ሰጥቼ አወጣችኋለሁ አለች። ሜዳው ከገበያ ሩቅ ነው፣ አውቶቡስም አይደርስበትም። ስለዚህ ብዙዎች ተቀየሟት።

ከፔትሮኒላ ጎን ዓሣ የምትሸጠው ዶኛ ክሌሜንሲያ ሚዛኗን እየጠረገች ሁለቱንም ትመዝናቸው ነበር።

«ኢንጂነሩ ሲዋሽ እንኳ ደስ ይለናል» አለች አንድ ቀን። «ያቺ ደግሞ እውነቱን ነግራ ታስለቅሰናለች። እኔ እንጃ፣ ማልቀስ ሰልችቶኛል።»

«ባሕሩ ሞቋል» አለች ፔትሮኒላ።

ዶኛ ክሌሜንሲያ ወደ ጎደለው የዓሣ ሣጥኗ ተመለከተች። ዓሣው መጥፋቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ባሕሩ ሲሞቅ ዝናቡ እንደሚከፋ እዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ፔትሮኒላ ደወሉን ልትመርጥ ቆረጠች። ከአባቷ ጋር ግን በእራት ሰዓት መጣላት የየዕለት ሥራቸው ሆነ። እሳቸው በወጣትነታቸው ከኢንጂነሩ አባት ዘንድ ሠርተዋል፤ እንደ ወትሮው መሰላሉን ነው የምመርጠው አሉ። በመጨረሻ እንደ ልብዎ ብላ ተወቻቸው፤ ተስፋም ቆረጠች።

በዚያ አገር ብልህ ሰው ምርጫ ጣቢያ ቀድሞ አይደርስም። የተመደበው አስመራጭ ከቀረ፣ ከሰልፉ ፊት የቆመውን ይዘው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታልና። ፔትሮኒላም ይህን ታውቃለች። ነገር ግን አባቷ ፀሐይ ላይ መቆም አይችሉም። የሁለቱንም መታወቂያ ጎርፍ ወስዶት አዲሱን አብረው ስላወጡ፣ ሁለቱም የሚመርጡት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ስለዚህ በማለዳ ይዛቸው ሄደች። እንደፈራችውም አንዱ አስመራጭ ቀረና እሷ ተያዘች።

አባቷ ተራቸው ደረሰ። እጃቸው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ሾርባ እንኳ ከማንኪያ ይፈሳቸዋል።

«አባዬ፣ ልደግፍዎት? ሕጉ ይፈቅዳል» አለቻቸው።

«የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው፣ ጭንቅላቴ አይደለም።»

ለመራጩ መከለያ ከቆመው ካርቶን ጀርባ ገቡና ቆዩ። ከሰልፉ አንድ ጎረምሳ አያታችን ደብዳቤ እየጻፉ ነው እንዴ ብሎ ሰዉን አሳቀ። ሲወጡ ጣታቸውን ሐምራዊው ቀለም ውስጥ ነክረው፣ ልጃቸውን ቀና ብለው ሳያዩ ከጎረቤት ጋር ወደ ቤት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተዘግቶ ቆጠራ ተጀመረ። አስመራጮቹ ሦስት ነበሩ፦ ሰብሳቢው ወጣት የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ነርስና ፔትሮኒላ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ መራጩ በመረጠው ምልክት ላይ ሁለት ጭረት አቋርጦ ያሰምራል፤ ጭረቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ ከምልክቱ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ ከወጣ ድምጹ ውድቅ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች መካከል የመሰላሉ አንድ ድምጽ መገናኛው ከመስመሩ ትንሽ ወጥቶ ተገኘ። ሰብሳቢው ሊያልፈው ሲል ፔትሮኒላ ደንብ ደንብ ነው ብላ ውድቅ አስደረገችው። በልቧም ደስ ብሏት ነበር።

በኋላ ሰብሳቢው አንድ ወረቀት ዘርግቶ ግራ በመጋባት ለሁለቱ አሳያቸው። ፔትሮኒላ ገና ስታየው አወቀችው። ጭረቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። መሰላሉ ከላይ ነበር፤ ወደዚያ ዝር አላለም። ሁለቱም ጭረቶች ከደወሉ ሳጥን ውስጥ ተነሥተው፣ ተንሸራትተው ወጥተው፣ የተገናኙት ከሳጥኑ በታች ባዶው ላይ ነው። አባቷ ደወሉን መርጠው ነበር።

«የሰውየው ፍላጎት ግልጽ ነው፣ ይጽደቅ» አለች ነርሷ።

«ውጭ ነው» አለ ሰብሳቢው። «እርስዎስ፣ ሴኞራ?»

ቆጠራውን ይከታተል የነበረው የመሰላሉ ወገን ታዛቢ ከወንበሩ ብድግ አለ። አልተቆጣም፤ በትሕትና ነበር የተናገረው።

«ሴኞራ፣ ቅድም በእኛ ወረቀት ላይ ምን ብለው ነበር?»

ፔትሮኒላ ወረቀቱን ደግማ አየችው። የአባቴ ነው ብትል ምን ይለወጣል? ቅድም የተናገረችውን ቃል መዋጥ ብትችል በዋጠችው ነበር።

«ውድቅ ነው» አለች።

ሰብሳቢው በትልቁ የውድቅ ማኅተም መታውና ወደሚቀጥለው አለፈ።

ወደ ቤት ስትመለስ መሽቶ ነበር። ዶኛ ክሌሜንሲያ ከደጃፏ ሬዲዮ ከፍታ ተቀምጣለች። መሰላሉ አሸንፏል አለቻት፤ ልዩነቱ በጣት የሚቆጠር ነው፣ በየጠረጴዛው ውድቅ ተደርጎ የተጣለው ድምጽ ከልዩነቱ ይበልጣል ይላሉ። ዓሣ ሻጯ ራሷ ማንን እንደመረጠች አልተናገረችም። ፔትሮኒላም አልጠየቀቻትም።

ዶን ፋኩንዶን በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሬዲዮአቸው ከተበላሸ ቆይቷል። ከእግራቸው ሥር በገመድ የታሰረ ጓዝ ነበር፦ ብርድ ልብስ፣ መዶሻቸው፣ የሚስታቸው የገለባ ባርኔጣ።

«ምንድነው ይሄ፣ አባዬ?»

«ሳስበው ከረምኩ። እናትሽ ሞታለች፣ አንቺ ግን አልሞትሽም። እኔ ካልሄድኩ አትሄጂም፤ እዚሁ ትቀሪያለሽ።» ሐምራዊ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ነበር። «እጄ እንዳይስት ስንቴ ትንፋሼን እንደያዝኩ ብታውቂ። የእኔ ተቆጠረ?»

«ተቆጠረ።»

ከመሃል ከተማ በኩል ርችት ተተኮሰ። ዶን ፋኩንዶ አንገታቸውን አቅንተው አዳመጡ።

«ለመምህርቷ ነው?»

ነገ ጠዋት የመጀመሪያው መንገደኛ እውነቱን እንደሚነግራቸው ታውቃለች። እየዋሸቻቸው መሆኑንም፣ ውሸቷ አንድ ሌሊት እንደማያልፍም ታውቃለች።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ጎሽ» አሉ፤ ወደ ጓዛቸውም ጎንበስ አሉ። «ባርኔጣዋን ከሥር አደረግኩት መሰለኝ፣ መንገድ ላይ ይጨማደዳል። አንቺ አስተካክለሽ እሰሪው፣ እኔ ቋጠሮ አይሆንልኝም።»

ፔትሮኒላ ተንበርክካ ገመዱን ፈታች። የእናቷን ባርኔጣ አውጥታ ከሁሉም በላይ አደረገችው። ከዚያም የትም ለማይሄደው ጓዝ ገመዱን መልሳ አጥብቃ አሰረችለት።