ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም

እናቴ ልታርሰኝ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ፣ ከአሜሪካ ነገር ሁሉ የወደደችው ባቡሩን ብቻ ነበር። አፓርታማችን ከሐዲዱ ብዙም አይርቅም። ጠዋት ጠዋት ልጄን በጋሪዋ ታስቀምጥና ባቡር ከሚታይበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሄዳ ትቀመጣለች። የሰው ባቡር ሲያልፍ ነገሬም አትለው፤ የጭነቱ ሲመጣ ግን አንገቷን ታሰግጋለች። አንድ ቀን ከሰል የጫነ ረዥም ባቡር አልፎ እስኪያልቅ ጠበቀችና «ድሮ ከሰሉ ባቡሩን ይጎትት ነበር፤ አሁን ባቡሩ ከሰሉን ይጎትታል» ብላ ሳቀች።

አይፈረድባትም፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት ናት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ስትዳር አባቴ በከሰል ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበር። ሹፌሩ ሽማግሌ ነበሩና፣ ባቡሩ ከሁርሶ በኩል ወደ ከተማው ሲጠጋ «አንተ ሙሽራ፣ ና ሳብ!» ብለው የፊሽካውን ገመድ ይለቁለታል። ሁሉም የራሱ አሳሳብ ነበረው። የአባቴ ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም ነው፤ ረዥሙም መጨረሻው ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሠራተኛው ሚስቶች የየባላቸውን መምጣት በዚያ ያውቁ ነበር። እናቴ እንደሰማች ድስቷን ትጥዳለች፤ እሱ ጥላሸቱን ታጥቦ ቤት እስኪገባ ወጡ ይደርሳል።

ከዚያ የናፍጣው ባቡር መጣ። ጥሩምባውን ማንም ቢነፋው ድምፁ ያው ነው። የከሰሎቹ ባቡሮች ጓሮ ተጎትተው ዛጉ። አገር ሁሉ ከጭስ ተገላገልን ሲል፣ እናቴ ወይ ያረረ ወይ ያልበሰለ ወጥ ስታቀርብ ከረመች። በመጨረሻ አባቴ መላ ፈጠረ፤ ከመንገዱ ጥግ ሲደርስ በአፉ ማፏጨት ጀመረ። ጡረታ ወጥቶም አልተወውም። አሜሪካ ሲደውልልንም መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ ነው «ሃሎ» የሚለው።

እናቴ እዚህ እያለች የዓይኗን ሞራ ተገፈፈች። ፋሻው በተነሳላት ሰሞን አባቴ ድሬዳዋ ላይ እንደተኛ በዚያው ቀረ። ወንድሜ ሲደውልልኝ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሰማሁት፣ ስልኩን ዘጋሁት፣ ፊቴ ለቆመው እንግዳ የክፍሉን ቁልፍ ሰጠሁት። ምንም አልተሰማኝም። በኋላ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

ላንግሊ ፓርክ የሚኖሩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ምክር የሚጠየቁ አንድ ትልቅ ሴት አሉ። ከባሌ ጋር እሳቸው ጋ ሄድን።

«እንዳትነግሪያት!» አሉኝ። «ዓይኗን ኦፕሬሽን ሆና ካለቀሰች ዓይኗ ጠፋ ማለት ነው። መጀመሪያ ዶክተሩ ድናለች ብሎ ክሊር ያድርጋት። ከዚያ ሰብሰብ ብለን በማለዳ መጥተን እናረዳታለን።»

ሆድ ይፍጀው ተባለ። የእኔ ሆድ ግን የሚፈጀው ነገር ያለም አይመስል ነበር። ሥራ እሄዳለሁ፣ ልጄን አጠባለሁ፣ እናቴን አስተኝቼ ዓይኗ ላይ ጠብታ አደርጋለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ከሌላ ክፍል የሚያወራ ይመስለኛል። አባቴን እወደው ነበር፤ ይህንን የማውቀው እንደ ስልክ ቁጥር ነበር፣ በቃሌ።

እናቴ «አባትሽ ምነው ጠፋ?» ማለት ስታበዛ፣ ጉሮሮውን ታሞ ሐኪም እንዳትናገር ብሎታል አልኳት። በውሸቴ ትንሽ ኮራሁ። እሷ ግን ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ማፏጨት ምን ከለከለው?» አለችኝ።

ለወንድሜ ነገርኩት። «ቀላል ነው፣ ደውይና ስጫት፣ እኔ አፏጭላታለሁ» አለኝ። ቤታችን ያደገ ሰው ሁሉ ያንን ፉጨት ያውቀዋል። ደውዬ ሰጠኋት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ሰማች። «ተመስገን፣ ደህና ነው» ብላ መለሰችልኝና መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ አባቴ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ተገላገልኩ አልኩ።

የዓይን ዶክተሩ ቀጠሮ ሰኞ ሆነ፤ መርዶው ለማክሰኞ ማለዳ ተቀጠረ። ባሌ ደግሞ ከሥራው አንድ ወሬ ይዞ መጣ። «ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ላይ ስቲም ትሬን ያልፋል አሉ፣ የድሮው የከሰል ዓይነት። እማማን ወስደን ሰርፕራይዝ እናድርጋቸው።» ከማክሰኞ በፊት አንድ ደስ የሚል ቀን ትይ ብለን ወሰድናት።

ጣቢያው ካሜራ በተከሉ ሰዎች ተሞልቷል፤ አብዛኞቹ ሸበቶ ወንዶች ናቸው። «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?» አለችኝ፤ ቀጥላም የተሻለ የሚታይበትን ቦታ ፈልጋ ከመካከላቸው ተሰየመች። መጀመሪያ ጭሱ ታየ፣ ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ፊሽካው ሲጮኽ ልጄ ደንግጣ አለቀሰች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ነፍሱን ይማረው» አለች።

ዞሬ አየኋት። እሷም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«ማንን?» አልኳት።

«ማንንም። ያንን... ሽማግሌውን ሹፌር።»

«እማዬ፣» አልኳት፣ «እኔም አውቃለሁ።»

ፉርጎዎቹ እያለፉ ነበር። የመጨረሻው እስኪያልፍ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሞተበት ቀን ጀምሮ። አንቺስ ማን ነገረሽ?»

«ወንድምሽ ነዋ! የባሌን ፉጨት ከልጄ ፉጨት አልለይም እንዴ? እሱ መጨረሻውን አያወርደውም፣ እንደ ናፍጣው ባቡር ቁርጥ ነው የሚያደርገው።» ክንዴን ያዘች። «ያልሰማሽ መስሎኝ እኮ ነው። አንድ ቀን አልቅሰሽ አላየሁሽም። አራስ መርዶ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል ብዬ፣ ልጅሽ እስክትጠነክር ብዬ ነው የቻልኩት።»

«ዓይንሽስ?»

«ውሃ እየከፈትኩ ሳለቅስ ነው የከረምኩት። ዓይኔ ምንም አልሆነ።»

ነጠላዋን አወለቀችና ጥለቱን አዘቅዝቃ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። የእኔንም ሻርፕ እንደዚያው አድርጋ አሰረችልኝ። ከዚያ ሰው መሃል ቆማ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አጠገባችን ካሜራውን የሚያጣጥፍ ሽማግሌ ስለ ባቡሩ የምታለቅስ መስሎት፣ ገብቶኛል በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀላት። የእሱም ዓይን ቀልቶ ነበር። እኔ ልጄን ታቅፌ ቆሜ አያቸዋለሁ፤ አሁንም ምንም የለም።

መኪና ውስጥ እኔና እናቴ ልጅቷን መሃል አድርገን ከኋላ ተቀመጥን። ድልድዩን አልፈን ትንሽ እንደሄድን እናቴ ከንፈሯን ሞጠሞጠች። ሴት ልጅ አታፏጭም ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ በልጅነቴ ስሞክር ከንፈሬን በጣቷ ትመታኝ ነበር። ሁለት አጭር አፏጨች፣ ከዚያ አንድ ረዥም፣ መጨረሻውን ቀስ እያደረገች አወረደችው።

«እንዲህ ነው» አለችኝ።

ያኔ አለቀስኩ። ባሌ መኪናውን ዳር አውጥቶ አቆመ።