ለእኛ የመጣው ትራም

ሸዋሉል በልጅነቷ ከአባቷ ጋር በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ መኪና ትጠብቅ ነበር። ስደተኞችን ወደ መጠለያ የሚያደርስ መኪና ይመጣል ተብሏል። የመጣው ግን ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አዲስ መኪና ሆነ። አባቷ አይተውት፣ «ይህ ለባለሥልጣን ነው፤ የእኛ ይመጣል» አሉ። ሾፌሩ ጥቂት ቆሞ፣ የሚጠጋው ሲያጣ ሄደ። ሌላ መኪና አልመጣም። በእግር ተጓዙ። እሷ ደረሰች፤ አባቷ መንገድ ላይ ቀሩ።

ዛሬ ሸዋሉል ስዊድን አገር፣ ሱንድቢበሪ በተባለች ከተማ ትኖራለች። በስቶክሆልም ዳርቻ፣ በእኛ ሰፈር መስመር ላይ ትራም ትነዳለች። እዚህ ብዙ ሽማግሌዎች ነን። አሮጌዎቹ ትራሞች ደረጃ ስላላቸው፣ በባለጎማ መደገፊያ የሚሄደው ወዳጄ ብዙነህ ያለ ሰው እርዳታ አይሳፈርም ነበር።

አምና በረዶው ሲቀልጥ ኩባንያው ወለላቸው ዝቅ ያለ ጥቂት አዳዲስ ትራሞች አስገባ። ለሁሉም መስመር አይበቁም። ስለዚህ አንዱን በየሰፈሩ ለሳምንት ያህል አዞረው፤ የት እንደሚመደቡ የሚወሰነው የተሳፋሪው ብዛት ከታየ በኋላ ነው። በእኛ ሳምንት የምትነዳው ሸዋሉል ነበረች።

ሰኞ ጠዋት ትራሙ መጥቶ በሩን ከፈተ። ከፌርማታው ወንበር የተነሳ ሰው የለም። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ሸዋሉል ከመንጃ ክፍሏ ወርዳ ወደ እኛ መጣች።

«ጋሼ ብዙነህ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ትራማችንን ነዋ።»

«ይኸው ቆሟል።»

«ይሄማ ተሳስቶ የመጣ ነው። የቪላዎቹ ሰፈር ትራም ይሆናል። መስተዋቱ ራሱ እኛን አይቶ አያውቅም።»

እኔም ከጎኑ ሆኜ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ለእርስዎ ነው የመጣው» አለችው።

«ሰዓት ይረፍድብሻል፣ ልጄ።»

«ይርፈድ።»

ሬዲዮዋ ጮኸ፤ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ለምን እንደቆመች ጠየቋት። «ተሳፋሪ እየገባ ነው» ብላ በስዊድንኛ መለሰች። ገና ማንም አልገባም ነበር። ብዙነህ ይህን ሲሰማ ተነስቶ መደገፊያውን ገፋ። ጎማው ሳይሰናከል ገባ። እኛም ተከተልነው።

ከሐሙስ ጀምሮ ፌርማታው ሞላ። ክረምቱ ሳይገባም ከአዲሶቹ ሁለቱ ለእኛ መስመር ተመደቡ። ብዙነህ አሁን ብቻውን ገበያ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከሾፌሯ ጀርባ ነው።

በቀደም፣ ከሥራዋ ሁሉ ለእሷ ትልቁ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«በሩን ከፍቶ ትንሽ መቆየት» አለችኝ። «ያ የድንበሩ ሾፌር ወርዶ አባቴን አንድ ቃል ቢላቸው ኖሮ ይገቡ ነበር። ክፉ ሆኖ አይመስለኝም፤ ቸኩሎ ነው።»