ዲስኩ የወጣበት ቤት

የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ ተማሪውም ወላጁም «እትዬ ማኅተም» ይላታል። ያለ ማኅተም ብጣሽ ወረቀት ከቢሮዋ አይወጣም፤ ማኅተሙን ደግሞ በመሀረብ ጠቅልላ በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ጭምር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት በልጅነቷ ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ተረት ያስፈለጋት አይመስልም። ቤቷን ቆልፋ ወጥታ ግማሽ መንገድ ላይ «ቆልፌዋለሁ ወይ?» ብላ የምትመለስ ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ ፈሪ ናት። ፈሪ ግን አንዳንዴ ከክፉ የባሰ ይጎዳል።

በዚያ ዓመት የአንደኛ ክፍል ጣሪያ ያፈስ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ዴስካቸውን እየጎተቱ አንድ ጥግ ይታጨቃሉ፤ መምህርቷ ባልዲ ስትቀያይር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ልጆቹ ያዘጋጁትን ቴአትር ቀርጾ፣ በዲቪዲ ሸጦ ጣሪያውን ማስጠገን የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ጸሐፊዋ ናት። የመጨረሻ ልጇም እዚያው ክፍል ናት። ካሜራ ተዋሰች፣ ቀረጸች፣ ከዚያም ቤቷ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ዲስኮቹን አንድ በአንድ አዘጋጀች። አንዱ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ እሷም ወተት ጥዶ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኗን አትነቅልም።

ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። አንዱ ገዝቶ ለሰፈሩ ሁሉ ቢያባዛውስ? መጀመሪያ ሽፋኑ ላይ «ኮፒ ማድረግ በሕግ ያስቀጣል» ብላ ጻፈችና ማኅተም መታችበት። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ልብስ ሰፊው፣ አይቶ ሳቀባት።

«እትዬ፣ እኔ ቤት ያሉት ፊልሞች ሁሉ ይኼ ተጽፎባቸዋል። ሁሉም ኮፒ ናቸው።»

ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ያገኘችው ዘዴ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ የሚያስመሰግን ነበር። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አቁማ ቀረጸች። ማንም የሚገዛው ዲስክ ከቴአትሩ በፊት በገዛ ልጁ ፊት ይጀምራል፤ ልጁም «እማዬ፣ ይኼ ያንቺ ነው። ለማንም እንዳታባዢው፤ ክፍላችን ያፈሳል» ይላል። የሌላ ሰው ልጅ «እማዬ» እያለ የሚጀምር ዲስክ ማን ይገዛል? ቢባዛም ከማን ቤት እንደወጣ ፊቱ ይናገራል። እናቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ገዙ፤ ለአያት፣ ለአክስት እያሉ ሁለት ሁለት የወሰዱም ነበሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ገዢ ጠፋ። የበር ጥበቃው ዜናውን ይዞ መጣ፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ በርካሽ እየተቸበቸበ ነው አሉ። አይተሃል ወይ ስትለው «ሰው ነው የነገረኝ» አለ። እሷ ለማጣራት ትዕግሥቱ አልነበራትም፤ ወላጆቹን በሐሳቧ አንድ በአንድ ፈተሸች። በመጨረሻ ያረፈችው ከወላጆቹ አንዷ በሆነችው ልብስ አጣቢ ላይ ነው። በቀን ሦስት ቤት ትገባ የለ? ባለሱቁንና የባንክ ሠራተኛዋን ለምን እንዳለፈቻቸው ብትጠይቁኝ፣ መልሱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

አጣቢዋ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ መተላለፊያው በወላጅ ተሞልቶ ነበር።

«አንቺ፣ ዲስኩን ለማን ሰጠሽው?» አለቻት ጸሐፊዋ።

«የቱን ዲስክ፣ እትዬ?»

«የልጅሽን ነዋ። ውጭ ይሸጣል። ስንቱ ቤት ነው የምትገቢው?»

አጣቢዋ ደረቅ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔ እኮ ማጫወቻ የለኝም። ከነፕላስቲኩ ነው ያለው። አንድ ቀን ስንገዛ እናየዋለን ብለን ነው።»

«ለማንኛውም ነገ አምጪው።»

ሴትዮዋ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጸሐፊዋ ወዲያው ቅር ብሏት ነበር፣ ግን ተከትላ አልጠራቻትም።

በማግስቱ ልጅቱ አልመጣችም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን ቀረች። «እናቷ ሌባ ስለሆነች ነው» ይባባላሉ ልጆቹ፤ ጸሐፊዋ ይኼን ከገዛ ልጇ አፍ ሰማች። ጥበቃው ደግሞ ሌላ ጨመረላት፤ አጣቢዋ ልጅቱን ትምህርት ቤት ወደሌለበት ገጠር፣ አክስቷ ዘንድ ቅዳሜ ልትሰዳት ነው።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊው አንድ ዲስክ ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረገ። «ማቆሚያው ጋ ገዛሁት። እኔ የልጆቹን ፊት አለይም፤ አንቺ እይውና ነገ በወላጆች ስብሰባ ላይ የማን ልጅ እንደሆነ ንገሪን» ብሏት ወደ ስፌቱ ሄደ።

በሩን ቆለፈች። ዲስኩን ማጫወት እንጂ መቅዳት በማይችለው የቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ከተተችው። የአጣቢዋ ልጅ ፊት በሆነ ብላ ተመኘች፤ ይኼን ምኞቷን በኋላ ስታስበው ያሳፍራታል።

ኮምፒውተሩ አጉረመረመ። ከዚያ የሸሚዟን ቁልፍ አዛንፋ የቆለፈች፣ ሁለት የፊት ጥርስ የሌላት ልጅ ብቅ አለች። «እማዬ፣ ይኼ ያንቺ ነው» አለቻት። የገዛ የመጨረሻ ልጇ ናት።

የራሷ ዲስክ እኮ ከቤት ወጥቶ አያውቅም! አላዋሰች፣ አልሰጠች። ለካ ከሁለት ሳምንት በፊት ማጫወቻዋ ዲስኩን ውጦ አልከፍት ብሏት ነበር። በጨርቅ ጠቅልላ ማቆሚያው ጋ ላለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ወሰደችው፤ በሁለተኛው ቀን ከነዲስኩ ተመለሰላት። ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር ዕቃዋን ረስታው ነበር።

ከሥራ እንደወጣች ጠጋኙ ዘንድ ሮጠች። እሱ መካድ እንኳ አልፈለገም።

«አዎ፣ እትዬ። ማጫወቻው መሥራቱን በሱ ነው የሞከርኩት። ሰው ቆሞ አየ፣ ወደደው፣ ሽጥልን አለኝ። ምነው፣ ክፋት አለው?»

«ልጄ ‘እንዳታባዢው’ ስትል አልሰማህም?»

«ሰማሁ እንጂ። እርስዎን እኮ ነው ያለችው፣ እኔን አይደለም።»

የቀሩትን አራት ዲስኮች ያለ ክርክር ሰጣት። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ሲፈታተናት ሄደ፤ የልብስ ሰፊውን ዲስክ ሰብሮ «አልሠራ አለ» ማለት። ማን ያውቃል? ማንም። እግሯ ግን ወደ አጣቢዋ ቤት ወሰዳት።

ባለ አንድ ክፍሉ ቤት ውስጥ፣ አልጋው ላይ የልጅ ልብስ ተጣጥፎ፣ ትንሽ ሻንጣ ተከፍቶ አየች። ልጅቱ ውጭ ትጫወታለች። ጸሐፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት። «በሞቴ፣ ይቅር በዪኝ። አንቺ ምንም የለሽበትም» አለች።

አጣቢዋ ሰምታ ጨረሰች። ካልሲ ማጠፏን አላቆመችም።

«ሌባ ሲሉኝ መተላለፊያው ላይ ነው፣ እትዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይቅርታው ለብቻዬ፣ በር ተዘግቶ ነው?»

ጸሐፊዋ «ነገ ስብሰባው ላይ ነዪ» ብቻ ብላ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። አጣቢዋ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቦታ ቢለቁላትም አልተቀመጠችም። ልብስ ሰፊው «እሺ፣ የማን ልጅ ናት?» ሲል ጸሐፊዋ ተነሣች።

«የኔ» አለች። «የተባዛው የኔ ዲስክ ነው። ማጫወቻዬን ላሠራ ስሄድ ውስጡ ረሳሁት። ኮፒ እንዳታደርጉ ብዬ ሳስጨንቃችሁ የከረምኩት እኔ፣ ከኔ ቤት ነው የወጣው። ሌባ ያልኳት ሴት ግን የምታይበት ሳይኖራት ለጣሪያው ብላ ገዝታለች።»

አንዲት አሮጊት ከፊት ወንበር «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አሉ ጮክ ብለው። አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊዋ ግን አልተቀመጠችም። ወደ በሩ ዞራ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይቅር በዪኝ» አለች። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

አጣቢዋ ከበሩ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባች።

«ልጄን ሰኞ አመጣታለሁ» አለች። «ግን ዩኒፎርሟን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቻለሁ። የምትመለስ አልመሰለኝም ነበር። ሌላ እስካሰፋላት በቤት ልብስ ብትመጣ በር ላይ እንዳትመልሷት።»

ሰው ሁሉ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ፤ ያለ ዩኒፎርም የመጣ ልጅ ከበር የምትመልሰው እሷ ናትና። «አልመልሳትም» አለች። ድምጿ ስላልወጣ ደግማ ተናገረችው።