የሙፊዳ ሲዲና የጋሼ ወጋየሁ ሰዓት

ሙፊዳ ፍላሽ አታምንም። ለሰው ያዋሱት ፍላሽ ሲመለስ መንዙማ፣ መዝሙር፣ የሰርግ ፎቶና ቫይረስ ተጭኖበት ነው፤ መጀመሪያ የነበረው ነገር ግን የለም። ሲዲ አንዴ ከተጻፈበት በኋላ ማንም ምንም አይጨምርበትም። በዚህ ዘመን ሲዲ ይዛ ስትዞር የሚስቁባት አሉ። ይሳቁ።

ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለው ማሰልጠኛ ሃያ አራት ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሁሉም ያረጁ ናቸው፣ ሁሉም በየተራ ይታመማሉ። የምታክማቸው ደግሞ ሙፊዳ ብቻ ናት። አንዱን ፎርማት አድርጋ፣ ዊንዶው ጭና፣ የአማርኛ መጻፊያውን፣ ማተሚያውን፣ የፈተናውን ፕሮግራም አንድ በአንድ አስገብታ ቀና ስትል ሌላው ይወድቃል። በዚህ ሰበብ የታላቅ ወንድሟ ኒካህ አለፋት። አምና አክስቷ ሲሞቱ ቡታጅራ የደረሰችው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ የእህቷ የሲሃም ኒካህ እዚያው ቡታጅራ ሐሙስ ነው። ሲሃም ደውላ ብዙ አላወራችም። «የማትመጪ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ፤ በር በር እያየሁ አልቀመጥም» ብላ ዘጋችው።

ስለዚህ ሙፊዳ አንድ ሲዲ ልትሠራ ተነሣች። ውስጡ ዊንዶው ብቻ ሳይሆን ማሰልጠኛው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ይኖራል፤ ሲጫን የሚመጡትን ጥያቄዎች ሁሉ ራሱ ይመልሳል። አስገብቶ ዞር ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሠልጣኞቹ የብቃት ምዘና ፈተና አላቸው። ረቡዕ ማታ ሃያ አራቱም ዝግጁ ከሆኑ ሐሙስ የእሷ ቀን ነው።

የመጀመሪያውን ሲዲ ሰኞ አደረሰች። የማሰልጠኛው ባለቤት ጋሼ ወጋየሁ አዩትና፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ሲከፈት ቤቱ የተመረቀ ዕለት የተነሣሁት ፎቶ ቢመጣ» አሉ። ከተጻፈ ሲዲ ላይ መጨመር አይቻልም፤ እንደገና ሠራች። ሁለተኛውን ሬጅስትራሯ ወይዘሮ ሸዋረገድ አይተው የካርታ ጨዋታው የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ሙፊዳ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ሴትየዋ ግን አልሳቁም። ጋሼ ወጋየሁም «ምን አለበት፣ ጨምሪላቸው» አሉ። ሦስተኛው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። የተበላሹት ሲዲዎች የወይዘሮ ሸዋረገድ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኑ። ሙፊዳ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ማክሰኞ ከሰዓት ጋሼ ወጋየሁ ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ።

«ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ይላል። በእኛ ይሁን።»

«አይሆንም ጋሼ። የፈተናው ፕሮግራም የሚከፈተው የኮምፒውተሩን ሰዓት አይቶ ነው። ዘጠኝ ካላለ አይከፍትም።»

«ልጆቹ ግራ ይጋባሉ እኮ።»

«ፈተናው ካልተከፈተማ የባሰ ግራ ይጋባሉ።»

ጋሼ ወጋየሁ መነጽራቸውን ጠርገው ዝም አሉ። ሙፊዳ ዝምታቸውን እንደ እሺታ ወሰደችው። ሦስት ዓመት አብራቸው ሠርታ እሳቸው ዝም ሲሉ እሺ ማለታቸው እንዳልሆነ አለማወቋ ይገርማል። ለማንኛውም ብላ፣ ያለ ይለፍ ቃል ሰዓቱን ማንም እንዳይነካው አድርጋ በአራተኛው ሲዲ ላይ ቆለፈችው።

«የይለፍ ቃሉስ?» አሉ።

«እኔ ጋ አለ።»

«የቤቱ ባለቤት እኔ ሆኜ ቁልፉ አንቺ ጋ?»

ክርክር ሰልችቷት ስለነበር በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ቆልፎ ቁልፉን በር ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው፤ ግን ደክሟት ነበር።

ረቡዕ ሲዲው ሠራ። ሃያ አራቱም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቋት ተነሡ። በየስክሪኑ ላይ ጋሼ ወጋየሁ መቀስ ይዘው ሪባን ይቆርጣሉ። ሙፊዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶውን አይታ አልተናደደችም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጀሞ ላይ፣ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ይዛ ተቀምጣለች። የሰርጉ ቀሚሷ እንዳይጨማደድባት በፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ሚኒባሱ ለመሙላት ሁለት ሰው ይቀረዋል። ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኳ ጠራ፤ ጋሼ ወጋየሁ ናቸው።

«ሙፊዳ፣ ፈተናው አይከፈትም። ‹ሰዓቱ አልደረሰም፣ ይጠብቁ› ይላል፤ ሁሉም ላይ። ፈታኟ ደግሞ እስከ ሦስት ተኩል ካልተጀመረ ትቼ እሄዳለሁ ብላለች።»

«ኮምፒውተሩ ላይ ስንት ሰዓት ይላል?»

«ፈታኟ ሰዓቷን እያየች ነው እኮ» አሉ።

«ጋሼ፣ ስንት ይላል?»

«ሦስት ከአምስት።»

ሙፊዳ ዐይኗን ጨፈነች። ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድመው ገብተው፣ ያቺን ወረቀት ይዘው፣ ሃያ አራቱንም አንድ በአንድ በእጃቸው ቀይረዋቸዋል። ማተሚያ ማብራት አቃተኝ ብለው ከምሳዋ የሚያስነሷት እኚሁ ሰውዬ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ምን አድርጌዎት ነው? አይሆንም አላልኩም? እህቴ በር በር እያየች ነው። አሁን ልውረድ? ይህንን ነው የሚፈልጉት?»

ውጭ ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው» እያለ ይጣራል።

«ብትቆጪ እውነትሽን ነው» አሉ ጋሼ ወጋየሁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሸጊቱ ድጋሚ ልትፈተን መጥታለች። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰባተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች። የአምናው እንዳይደገምባት ብዬ ነው።»

የአምናው። የአምናውን የፈተና ማስታወቂያ ጽፋ በር ላይ የለጠፈችው ሙፊዳ ናት። ሰዓቱን ከፕሮግራሙ ላይ እንዳለ ገልብጣ «9:00 ሰዓት» ብላ ነበር የጻፈችው። ሌሎቹ ሠልጣኞች ጠይቀው ተረዱ። ሸጊቱ ግን ቀን ቀን ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው፤ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። በዘጠኝ ሰዓት አስፈቅዳ መጣች። ፈተናው ካበቃ ቆይቷል። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሙፊዳ ያን ዕለት አንድ ኮምፒውተር ፈታትታ ስለነበር ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም እስከ ዛሬ ልብ አላለችም። ጋሼ ወጋየሁ ያውቁ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አላነሱባትም።

አፈረች። ሳምንቱን ሙሉ የተሸከመችው ንዴት ማረፊያ አጣ። የመጨረሻው ተሳፋሪ ገብቶ ረዳቱ በሩን ሲዘጋ፣ ጭኗ ላይ ያለውን ፌስታል አጥብቃ ያዘች፤ አልወረደችም።

«ጋሼ፣ ሲዲውን እንዳይነኩት፤ ሁሉንም ያጠፋዋል። እንደቀየሩት በእጅዎ ነው የሚመልሱት። እኔ ከስልኩ አልጠፋም። ወረቀቷን ይዘዋል?»

«ይዣለሁ። ከአንደኛው ልጀምር?»

«አይ» አለች ሙፊዳ። «ከሸጊቱ ይጀምሩ።»