ኔትወርኩ ነው ወይስ ልጅቷ

ኮምፒዩተሩን ለምን እንደገዛሁት ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ካርቱም፣ ጀሪፍ ውስጥ፣ በአንዲት ሱዳናዊት ሐጃ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ቀን ቀን ሰው ቤት እሠራ ነበር። ስልክ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል፣ ትልቅ ነው፣ አዲስ ነው፤ ለእኔ በቂ ምክንያት ነበር። ችግሩ ክፍላችን ውስጥ የሐጃዋን ዋይፋይ እየቆራረጠ የሚይዘውን የስልኬን ያህል እንኳ አለመያዙ ነው።

ነገሩን ያከበደው አብራኝ የምትኖረው ልጅ ኒካህ ነው። እንደኔ የወሎ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ግን በብዙ እበልጣታለሁ። አባቷ ደሴ ላይ ባል መርጠውላት ነበር። ሼሁ ኒካሁን ከማሰራቸው በፊት በቪዲዮ ፊቷን አይተው ፈቃዷን ከራሷ መጠየቅ ፈለጉ። በእኛ ደንብ አግብታ የማታውቅ ልጅ ስትጠየቅ አፍራ ዝም ካለች እሺ እንዳለች ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙ ሥራ ያለበት አይመስልም ነበር፤ መታየት፣ መጠየቅ፣ ዝም ማለት።

የመጀመሪያው አርብ ኮምፒዩተሩን አልጋው ላይ አደላድዬ ከፈትኩላት። የሼሁ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ፤ ጥያቄው ሲያልቅ ምስሉ ቀጥ አለ። ልጅቷ ዝም ብላለች። አባቷ ከወዲያ «አልሐምዱሊላህ፣ ዝም አለች!» ሲሉ ሰማሁ። ሼሁ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸኙ ሰው አልነበሩም።

«ዝም ያለችው ልጅቷ ናት ወይስ ኔትወርኩ?» አሉ። «እንዲህ ሆኖ አላስርም። ለሚመጣው አርብ አስተካክሉት።»

ተናደድኩ። አዲስ ኮምፒዩተር ገዝቶ በሰው ፊት መዋረድ! ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገባሁ፤ የገዛሁበት ሱቅ ድረስ ተሸክሜው ሄጄ «ማፊ ሙሽኪላ» ተባልኩ፤ ምንም ችግር የለበትም ማለታቸው ነው። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ስታገል ታገኘኛለች።

«ይቅርብሽ እትዬ፣ አትድከሚ። ኢንሻአላህ ራሱ ይስተካከላል» ትለኛለች።

ለእኔ አዝና ነው ብዬ ይብስ ተጋሁ።

የሐጃዋ ሳሎን ውስጥ፣ ራውተሩ ሥር ሳስቀምጠው ግን ኮምፒዩተሩ እንደ ጉድ ሠራ። እዚያ እንዳንደውል አርብ አርብ ሳሎኑ በወንድ እንግዳ ይሞላል፤ በራችንንም ከፍተን መቀመጥ አንችልም። ስለዚህ እንደተከፈተ ታቅፌው፣ ዓይኔን ከምልክቱ ሳልነቅል፣ ግቢውን አቋርጬ ወደ ክፍላችን ሄድኩ። ደጃፋችን ድረስ ምልክቱ ሙሉ ነበር። ገብቼ የብረት በሩን ስዘጋው ወደቀ። የቀረው መስኮቱ ነው፤ ወደ ሳሎኑ የሚያይ ነው፣ ነገር ግን ከላይ እስከ ታች በሚያብረቀርቅ የምግብ ፎይል ተሸፍኗል። ፀሐይ እንዳትገባ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፤ የእኛን የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። ሙቀቱን የሚመልሰው ፎይል ዋይፋዩንም ሲመልስ ኖሯል።

በቢላ እየፋቅሁ አነሳሁት። ምልክቱ ሲሞላ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ልጅቷ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«ሙቀቱስ?» አለች።

«ያላ! ለኒካህሽ ትንሽ ቢያልብሽ ምን አለበት?» አልኳት። አልሳቀችም።

ሁለተኛው አርብ ምስሉ መስተዋት ነበር። የአባቷ የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል፤ ሙሽራው ነጭ ለብሶ ከሼሁ ጎን ተቀምጧል። ሼሁ «ልጄ፣ ይህን ሰው ለባልነት ወደሻል?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ዝም አለች። ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል። አባቷ ፈገግ ማለት ጀመሩ። የዚያን ጊዜ ልጅቷ ዞር ብላ የተራቆተውን መስኮት አየች። ለካስ ሳምንቱን ሙሉ ሳፈርስ የሰነበትኩት መደበቂያዋን ነው።

ሼሁ «እንግዲህ ዝም ካለች...» ብለው ሲጀምሩ ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰች።

«አልወደድኩም» አለች። «አባዬ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ይህን ሰው አልፈልገውም።»

ሙሽራው አንገቱን ደፋ። አባቷ ወደ ስልካቸው ተጠግተው ፊታቸው ምስሉን ሞላው።

«አልተሰማም! ተቆራረጠ!» አሉ። ቀጥለው እኔን ፈለጉ። «አንቺ እህቴ፣ አለሽ? እስቲ ኔትወርኩን እይልን።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምልክቱ ሙሉ ነው። ልጅቷ አልለመነችኝም፤ ቀና ብላም አላየችኝም። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ሁለታችንንም ታቃጥለናለች።

«ኔትወርኩ ደህና ነው» አልኳቸው። «የተናገረችው ልጅቷ ናት።»